ጥቅምት 30ን የማያውቅ ኮምፒውተር

ሐዋሳ ፒያሳ ላለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሽያጭ ሶፍትዌር ልትሠሩ ነው እንበል። ጓደኞቻችሁ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በምን ቋንቋ?» ብለው ነው። ፓይተን፣ ጃቫ፣ ፒኤችፒ… ክርክሩ አያልቅም። ባለሱቁ ግን ለቋንቋው ደንታ የለውም፤ የዱቤ መዝገቡ እንዳይሳሳትበት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ይሄ ጭንቀት የቆየ ነው። ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጠነሰስ የታሰበው ለንግድና ለመሥሪያ ቤት ሒሳብ ስለነበር ገንዘብን በአስርዮሽ ይቆጥራል። ዛሬ ጃቫስክሪፕትን 0.1 እና 0.2 ደምር ብትሉት 0.30000000000000004 ይላችኋል። አንድ ደረሰኝ ላይ አይታይም። ዓመቱን ሙሉ 15 በመቶ ቫት እያሰላችሁ ስትደምሩ ግን ሳንቲሟ አልገጥም ልትል ትችላለች።

ቀጥሎ የትንንሽ ቢሮዎች ወዳጅ ፎክስፕሮ መጣ። ፈጣን ነበር፣ ቀላልም ነበር። ግን እየጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ ማውጫ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ መብራት መጥፋትን ደግሞ እኛ እናውቀዋለን። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 አዲስ ዕትም እንደማያወጣ ተናገረ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ድጋፉን ጨርሶ አቆመ። በሱ የጻፈ ሁሉ ዕዳ ታቅፎ ቀረ።

እኛን ለብቻችን የሚያስቸግረን ግን ቀኑ ነው። የዳታቤዞች የቀን ዓይነት የተሠራው ለጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ባለሱቁ ጥቅምት 30ን «30/2/2015» ብሎ ሲያስገባ ማሽኑ ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ ይመልስበታል። ጳጉሜንማ ተዉት፣ 13ኛ ወር የት ያውቅና! እምቢ ማለቱ እንኳ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው ዝም ብሎ ሲቀበል ነው። መስከረም 31ን ያለ ቅሬታ ይመዘግባል። ከጥር 30 እስከ የካቲት 30 ያለውን 30 ቀን ደግሞ ሜይና ጁን መስለውት 31 ነው ይላል፤ የዱቤው ቀነ ገደብ በአንድ ቀን ተዛባ ማለት ነው። ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀመጡም አሉ፤ ከዚያ በጊዜ ቅደም ተከተል መደርደር አበቃ።

እኔ ብሆን እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሌይ የተጀመረውን ፖስትግሬስ እመርጣለሁ። ገንዘብን በአስርዮሽ ይይዛል፤ መብራት ቢጠፋም ያልተጠናቀቀውን ሽያጭ ሰርዞ የተጠናቀቀውን ይዞ ይነሳል። ቀኑን በጎርጎርዮሳዊ አስቀምጬ ስክሪኑና ደረሰኙ ላይ ብቻ ወደኛው እቀይራለሁ።

ቋንቋውስ? እኔ ነገ ሥራ አግኝቼ አዲስ አበባ ብገባ፣ ባለሱቁ ሐዋሳ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው ልጅ የሚችለውን።