የቀብሩ ታሪክና የሳጥኑ ደብተር

በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይጀምራል፤ የተወለዱበት አውራጃ፣ ያገቡበት ዘመን፣ ጌታን የተቀበሉበት ጊዜ፣ የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር ይከተላል። ብዙዎቻችሁ ስለ አያቶቻችሁ በጽሑፍ ያላችሁ ይህች አንዲት ገጽ ብቻ ትሆናለች። እንዳትጥሏት። ስም፣ ቦታና ዓመት አብረው የሚገኙበት ወረቀት በየቤታችን ብዙ አይደለም። ግን ማን እንደጻፋትም አስቡ፤ ልጆች ናቸው፣ ዕንባቸው ሳይደርቅ፣ በአንድ ሌሊት።

በአባቴ አባት ቀብር ላይ የተነበበው ታሪክ፣ አያቴ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ ትራክተር ወደ አካባቢው ካስገቡት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ እንደነበሩ ይናገራል። በኩራት ነበር የሰማሁት።

የቤተሰባችሁን ታሪክ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ከዚህች ገጽ ቀጥላችሁ የመሬት ወረቀት ፈልጉ። ነቢዩ ኤርምያስ የገዛው እርሻ ውል ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ነበር (ኤርምያስ 32)፤ የእኛዎቹ በቆርቆሮ ሳጥን ያስቀምጣሉ፣ ከሠርግ ፎቶና ከአሮጌ መታወቂያ በታች።

የምታገኙት ነገር እንደ አገሩ ይለያያል። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር ትውልድ መቁጠር የሙግት ዕቃ ነበር፤ መሬት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ እስከያዘው አባት ድረስ ሐረጉን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ ከነምስክሮቹ በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። አያቶቻችሁ ከዚያ ከሆኑ ከወረቀቱ በፊት ሽማግሌ ጠይቁ።

በደቡቡ ግን መሬቱ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ ተለካ። አንዱ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው፤ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ እየተመደበ ግብሩ ይወሰናል። አብዛኛው ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሹማምንትና ለወታደሮች ሄደ፤ ለአገሬው ባላባት ሲሶ ይቀራል ተባለ። አራሹ ግን ብዙውን ጊዜ አባቱ ባረሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። የመሬት ሥሪቱን በየጠቅላይ ግዛቱ ለማየት የባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» (1942) ጥሩ መነሻ ነው።

ደረሰኝ ስታገኙ ቸኩላችሁ አትጠፉት። የሰው ስም ከአባትና ከአያት ጋር ከተጻፈ ሦስት ትውልድ በእጃችሁ ነው። የአውራጃና የምክትል ወረዳ ስሞች ዛሬ በካርታ ላይ ስለማታገኟቸው እንዳሉ ገልብጧቸው። «አስራት» የሚል ካያችሁ የቤተ ክርስቲያናችን አስራት እንዳይመስላችሁ፤ በ1960 ዓ.ም. ቀርቶ በእርሻ ገቢ ግብር የተተካው የመንግሥት ግብር ነው፤ ብዙ ጊዜ ባለመሬቱ በጭሰኛው ትከሻ ላይ ይጥለው ነበር። የሽያጭ ውል ካገኛችሁ ደግሞ ወሰኑን አንብቡ። በምሥራቅ የእገሌ መሬት፣ በምዕራብ ወንዝ ይላል፤ ጎረቤቶቹን ከነስማቸው አገኛችሁ ማለት ነው። ምስክሮቹም አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ናቸው።

ይህን ሁሉ የምላችሁ መሬት እንድታስመልሱበት አይደለም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎታል፤ ወረቀቶቹ ዛሬ በሕግ ምንም አያስገኙም። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው የጣላቸው።

በአያቴ ሳጥን ውስጥ ከደረሰኞቹ ጋር አንድ ባለመስመር ደብተር ነበር። ከ1955 እስከ 1966 ድረስ በየዓመቱ ከጭሰኞቹ የተሰበሰበው እህል ተጽፎበታል፤ ስም፣ ኩንታል፣ ሲሶ ወይም እኩል። በ1958 አሥራ አንድ ስሞች አሉ። በ1963 አራት። ሰባቱ የት ሄዱ?

መልሱን ኮሌጅ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ የማን ታሪክ እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። በ1960 ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት፣ በተለምዶ «ካዱ»፣ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጣ፣ ምርት ጨመረ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ባለመሬቶች ግን እርሻ እንደሚያተርፍ ሲያዩ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አስነሱ። በቀብሩ ላይ በኩራት የሰማሁት ትራክተርና ከደብተሩ የጠፉት ሰባት ስሞች አንድ ወሬ ናቸው። የናቡቴን የወይን ቦታ (1ኛ ነገሥት 21) ለወጣቶች ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ሁልጊዜ የማስበው ራሴን በናቡቴ በኩል አድርጌ ነበር።

ከሰባቱ የአንዱ ሴት ልጅ ከእኛው ጋር የሚያመልኩ እናት መሆናቸውን ያወቅሁት ከአባቴ ነው። አባቴ «ተወው፤ ያለፈ ነገር ነው» አለኝ። ወር ያህል ተውኩት። ከዚያ ደብተሩን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፤ ምን እንደምል ግን አልተዘጋጀሁም ነበር።

«እማማ፣ ይህን ከአያቴ ሳጥን አገኘሁት» አልኳቸው።

«አንተ አሁን አነበብከው፤ እኛ ዕቃችንን በአህያ ጭነን የወጣንበት ነው» አሉኝ። በአያቴ ቀብር ላይ እንደነበሩ፣ ስለ ትራክተሩ ሲነበብም እንደሰሙ ነገሩኝ። ቡና አፈሉልኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጃቸውን አነሱና «ቆይ፣ የአባቴን ስም አንብብልኝ» አሉ።

አነበብኩ። ሳቁ። ስሙ የኦሮሞ ስም ነው፤ አያቴ ለራሳቸው ምላስ እንደተመቻቸው ጽፈውታል። ትክክለኛውን ሦስት ጊዜ አስጠሩኝ። እናንተም በድሮ መዝገብ ስትፈልጉ ስሙን በፊደሉ ብቻ አትፈልጉት፤ ድምፁን ተከተሉ።

ቀጥለው «የእናቴስ ስም አለ?» ብለው ጠየቁ። የለም። ዛሬ በብዙ ቦታ የመሬት ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም ይወጣል፤ በዚያ ደብተር ግን በአሥራ ሁለት ዓመት አንዲት ሴት አልተጻፈችም። የእናታቸውን ስም ነገሩኝና ከአባታቸው ስም አጠገብ በእርሳስ ጻፍኩት። «በእስክሪብቶ አድርገው» አሉኝ።

ወንድማቸው ከአዳማ መጥቶ እስኪያየው ደብተሩ እሳቸው ዘንድ ይቆይ ብለዋል። እስካሁን እዚያው ነው።