ከሽሮ ሜዳ እስከ ኒውዮርክ፦ የ«ለምለም» የልብስ ስም ታሪክ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በምትገኘው ሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ደጋ የፈለሱ የዶርዜ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አሳርፈው፣ ድሩን ወጥረው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልሱ ትውልዶች አልፈዋል። በልማዱ ሴቶች ጥጡን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ነጠላው፣ ኩታውና ጋቢው የዚህ የሥራ ክፍፍል ውጤቶች ናቸው። ይሁን እንጂ የፋብሪካ ልብስ፣ እንዲሁም በኬንያ ሚቱምባ፣ በኢትዮጵያ ሰልባጅ የሚሉት ልባሽ ጨርቅ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ የአገር ልብስ በአብዛኛው የበዓልና የሠርግ ልብስ ሆኖ ቀረ። ገዢ ሲያንስ ሸማኔውም ሥራ መፍታት ጀመረ።

ሊያ ከበደ ወደ ትውልድ ከተማዋ ስትመለስ የገጠማት ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በአዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ በሊሴ ገብረ ማርያም ተምራ፣ በኋላም በሞዴልነት ሙያ በዓለም ታውቃለች። በ2003 ኤስቴ ላውደር የተባለው የመዋቢያ ዕቃዎች ኩባንያ በታሪኩ የመጀመሪያዋ ጥቁር የማስታወቂያ ፊቱ አደረጋት። በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና የበጎ ፈቃድ አምባሳደር አድርጎ ሾማት።

በ2007 «ለምለም» የተሰኘውን የልብስ ስም መሠረተች። ዓላማው ምጽዋት ሳይሆን ለሸማኔው ቋሚ ገበያ ማስገኘት ነበር። በልጆች ልብስ ተጀምሮ ወደ ሴቶች ቀሚስ፣ ሻርፕና የባሕር ዳርቻ ልብስ ተስፋፋ። ሽመናው የቀድሞው ሆኖ ስፌቱና ቅርጹ ለኒውዮርክ ገዢ እንዲስማማ ተደረገ። ከጊዜ በኋላም ሥራው ኢትዮጵያን ተሻግሮ ኬንያ ደረሰ።

በልብስ ንግድ ታሪክ የዚህን ተቃራኒ መንገድ የተከተለ ስም አለ። በለንደን ባርባራ ሁላኒኪ ከባለቤቷ ጋር ያቋቋመችው «ቢባ» በ1964 አንድ ርካሽ ቀሚስ በጋዜጣ አስተዋውቆ ወደ 17,000 ትእዛዝ ተቀበለ። በ1973 ባለ ሰባት ፎቅ መደብር ከፈተ፤ በ1975 ተዘጋ። የቢባ ኃይል ርካሽነትና ብዛት ነበር። የእጅ ሽመና ግን በዚያ መንገድ ሊሄድ አይችልም፤ አንድ ሸማኔ በቀን የሚሠራው ውስን ነውና። ስለዚህ ለምለም በውድ ዋጋ ለጥቂቶች መሸጥን መረጠ።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ከሩቅ ገዢ ጋር የታሰረ ሙያ በሩቅ ውሳኔ ይናጋል። ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከምትልክበት የአጎዋ ዕድል በመውጣቷ የአገሪቱ ልብስ ላኪዎች ተጎድተዋል። በቅርቡ ገበያ ደግሞ በፋብሪካ የታተመ የጥበብ አምሳያ ከእጅ ሥራው ረክሶ ይሸጣል።

አዲስ አበባንና ናይሮቢን በሚያገናኘው ጎዳና ላይ ለተቀመጠችው ሞያሌ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ለበዓል ነጠላ የሚገዛ ሰው የታተመውን ወይም የተሸመነውን በመረጠ ቁጥር፣ የሸማኔው ልጅ የአባቱን ሙያ ይይዝ ወይም ይተው እንደሆነ በከፊል ይወስናል። ለምለም የእጅ ሥራ በዓለም ገበያ ዋጋ እንደሚያወጣ አሳይቷል፤ በአገሩና በጎረቤቱ ገበያ ዋጋ እንዲያወጣ ማድረግ ግን የአንድ የልብስ ስም ሥራ ብቻ አይደለም።