የጓሮ ችግኝ ልውውጥ በአሪ አገር

ስለ አገራችን የንግድ ታሪክ ሲነገር ዘወትር የሚነሣው የአሞሌ ጨው፥ የዝሆን ጥርስ፥ የወርቅና የዝባድ ነገር ነው። ከጓሮ ወደ ጓሮ በእቅፍ የሚተላለፈውን የእንሰት ችግኝ ከታሪክ የሚቈጥረው ሰው ግን ጥቂት ነው። እኛ ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ጂንካ በጌሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዘመን የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ከእርስዋ አስቀድሞ የአስተዳደሩ መቀመጫ ባኮ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አገሩ የሚገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። በቀድሞ ጊዜ ወደዚያ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያወራው በከተማው መካከል ተንጣልሎ ስለነበረው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በከተማው ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ስለሚኖረው ስለ አሪ ገበሬ ጓሮ ያወራ እንደሆነ ግን እንጃ።

በአሪ ጓሮ እንሰት፥ ጎደሬ፥ ቦዬ፥ ጎመን፥ ቡናና ኮረሪማ ተደባልቀው ይበቅላሉ። ከእነዚህ መካከል ጎደሬ መነሻው እስያ ነው፤ በማሳ ያለው በቆሎም የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው። እንሰት ግን የራሳችን ነው። የሰሜን ሰው ኮባ እያለ ቅጠሉን ዳቦ ይጋግርበታል እንጂ ሥሩን አይበላም። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተክሉን በሥዕል አሳይቷል። ዛሬ በእንሰት የሚተዳደረው ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል።

የልውውጡ ምክንያት ከተክሉ ጠባይ የመጣ ነው። እንሰት የሚራባው በዘር ሳይሆን ከአምቾው በሚወጣው ቡቃያ ነው። ገበሬው ጥቂት ዓመት ያደገውን እንሰት ከሥሩ አጠገብ ይቈርጥና የመካከሉን እምቡጥ አውጥቶ አምቾውን ከፍግ ጋር ይቀብረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላም ዙሪያውን ቡቃያ ይፈላበታል። ከአንድ አምቾ ከ40 እስከ 200 የሚደርስ ችግኝ ሊገኝ ይችላል። አንድ ቤተ ሰብ ይህን ሁሉ በጓሮው ሊተክለው እንዴት ይችላል? ስለዚህ የተረፈው ለልጅ፥ ለአማች፥ ለጎረቤት ይሰጣል፤ በሌላ ዓይነት ይለወጣል፤ ወይም ገበያ ይወጣል።

የዚህ ልማድ ውጤት ምን እንደሆነ ጃፓናዊው ተመራማሪ ማሳዮሺ ሺጌታ አስረድተዋል። እኚህ ሰው በአሪ መንደሮች ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ አሪዎች በስም ለይተው የሚጠሯቸው የእንሰት ዓይነቶች 78 መሆናቸውን ገልጸዋል። የእንሰት ገበሬ ዓይነቱን የሚለየው በግንዱ መልክ፥ በቅጠሉ ጅማት ቀለምና በቅጠሉ ቅርጽ ነው። ከዚህም ሌላ አሪዎች የአምልኮ ሥርዓት በሚፈጸምባቸው የተከበሩ ስፍራዎች የሚበቅለውን የዱር እንሰት ሳይነኩ እንደሚጠብቁ ሺጌታ ጽፈዋል። ደብተርና መዝገብ ሳይኖር ይህን ያህል ስም በቃል መያዝ ቀላል አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ እያለ ፋይል የሚጠፋብን ሰዎች ልናደንቀው ይገባናል።

ገበያውስ? በጂንካ ቅዳሜ፥ በቀይ አፈር ሐሙስ ይቆማል። ከቆላ ሐመርና በና ማር፥ ቅቤና ፍየል ይዘው ይመጣሉ፤ ከደጋው የአሪ ሰው ደግሞ እህል፥ ጎደሬና ቡና ያወርዳል። የሐመር ሰው የሚጠጣው ፍሬውን ሳይሆን የቡናውን ገለፈት አፍልቶ በመሆኑ፥ ሌላው የሚጥለው ገለፈት በዚያ ዋጋ አለው። የአሪ ሴቶች የሚሠሩት የሸክላ ድስትም በዚያው ገበያ ይሸጣል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው እንሰትን የሚያጠወልገው በሽታ ከባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን አስታወቁ። በሽታው መድኃኒት የለውም። የሚዛመተውም የታመመ ተክል በቈረጠ ቢላዋና በታመመ ችግኝ ነው። እንግዲህ ያ ለዘመናት በደግነት ሲተላለፍ የኖረው የእቅፍ ችግኝ በሽታውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ልውውጡ ይከልከል የሚል ሰው ቢኖር እኛ አንስማማም፤ በሽታውን የመቋቋም ኃይላቸው ከዓይነት ዓይነት ይለያያልና፥ አንድ ዓይነት ብቻ የተከለ ሰው ያ ዓይነት ሲመታበት ጓሮው ባዶ ይቀራል፤ ብዙ ዓይነት ያለው ግን የሚተርፈው አያጣም። ብዙ ዓይነት የሚገኘው ደግሞ ከሌላው ጓሮ ነው።

የሚሻለው ጥንቃቄ ነው። ቢላዋውን በእሳት ማቃጠል፥ የታመመውን ነቅሎ በጥልቅ መቅበር፥ ችግኝ ሲቀበሉም የወጣበትን ጓሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ጎረቤት የሰጠው ችግኝ እናቱ አምቾ የት እንደነበረች ይታወቃል፤ በገበያ ከማያውቁት ሰው የተገዛው ግን አይታወቅም። ስለሆነም በእኛ አስተያየት ከገበያው ሽያጭ ይልቅ የጎረቤቱ ስጦታ የሚታመን ይመስለናል፤ ምንም እንኳ ገበያው ሩቁን ከሩቅ የሚያገናኝ ቢሆን።

ለእህል ዘር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመ ማከማቻ አለ፤ ጤፍና ማሽላ ደርቀው በቅዝቃዜ ይቀመጡበታል። እንሰት ግን ከዘሩ ቢበቅል እንደ እናቱ አይሆንም፤ ስለዚህ የሚጠበቀው በመሬት ላይ ተተክሎ ነው። በወላይታ የሚገኘው የአረካ የእርሻ ምርምር ማዕከል ከልዩ ልዩ ወረዳዎች የተሰበሰቡ በመቶ የሚቈጠሩ የእንሰት ዓይነቶችን በዚህ አኳኋን በማሳው ያኖራል። በአሪ ተራሮችም ይህንኑ ሥራ እያንዳንዱ ባለጓሮ ያለ ደመወዝ ይሠራዋል።