የደጋው አፈር፣ አሞሌ ጨውና የሰው አእምሮ

ከደሴ በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም የሚዘልቀው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ የዓባይና የገባሮቹ ሸለቆዎች የሰነጣጠቁት ተዳፋት አገር ነው። ለዘመናት የታረሰው መሬት በየክረምቱ በጎርፍ ሲሸረሸር፣ አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገርም ከአፈሩ ጋር ይታጠባል። አዮዲን ያነሰው መሬት የሚያበቅለው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላም አዮዲኑ ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ደጋዎች እንቅርት የበዛው በዋናነት ከዚህ የተነሣ ነው።

አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከአዮዲን ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ ሰውነት ጉልበት የሚጠቀምበትን ፍጥነት ይቆጣጠራል፤ የአንጎልንም ዕድገት ይመራል። አዮዲን ሲያንስ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን ደጋግሞ ይቀሰቅሰዋል፤ በዚህም ዕጢው ያብጣል። ሆርሞኑ ያነሰው ሰው ይደክመዋል፤ ብርድ ይጸናበታል፤ ሐሳቡ ይዘገያል፤ ድብርትም ሊይዘው ይችላል። ሆርሞኑ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ መቁነጥነጥ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ከሁሉም የከፋው ጉዳት በጽንስ ላይ የሚደርሰው ነው። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት በእናቱ ሆርሞን ላይ ይመካልና፣ እናት አዮዲን እጅግ ሲያጥራት ልጁ የመስማትና የመናገር ችግር ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ይዞ ሊወለድ ይችላል።

ይህ ሳይታወቅ በኖረበት ዘመን እንቅርት ባህላዊ መድኃኒት ሲፈለግለት ኖሯል። በአማራ ደጋማ አካባቢዎች አንገት ላይ የሚደረገው ንቅሳት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርትን ይከላከላል ተብሎም ይታመን ነበር። ያበጠውን አንገት መብጣትም የተለመደ ነበር። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ሕመሙ በሕዝቡ ዘንድ ምን ያህል የታወቀ እንደነበር ያሳያል። የአእምሮውን ጉዳት ግን ሕዝቡ ከአንገት እብጠት ጋር ስላላያያዘው እንደ እርግማን ወይም እንደ ዘር ጣጣ ይቆጠር ነበር።

ዛሬ አዮዲን ለሰው የሚደርሰው በጨው ነው፤ ደጋው ግን ድሮም ለጨው እንግዳ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ የአክሱም ሰዎች ጨውን በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተጠርቦ በግመልና በአጋሰስ የሚጓዘው አሞሌ ጨው እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። ነገር ግን አሞሌ የተገኘው ከተነነ የባሕር ውኃ ነው፤ የባሕር ውኃ ተንኖ ጨው ሲረጋ አዮዲኑ እምብዛም አብሮት አይረጋም። ስለዚህ ውድ የነበረው አሞሌ ወጥ ቢያጣፍጥም እጥረቱን አልሞላም።

መፍትሔው የተገኘው ከሌላ ተራራማ አገር ነው። አስቀድሞ ጀርመናዊው ኬሚስት ኦይገን ባውማን እ.ኤ.አ. በ1895 በታይሮይድ ዕጢ ውስጥ አዮዲን አገኘ። ተራራማዋ ስዊዘርላንድም እ.ኤ.አ. በ1922 አዮዲን የተጨመረበት ጨው ለሕዝቧ ማቅረብ ጀመረች። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ከመረመራቸው ተማሪዎች 30 በመቶ ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። ከኤርትራ ወደቦች ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው ጨው እ.ኤ.አ. በ1998 በተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲቋረጥ፣ አቅርቦቱ በአፋሩ የአፍዴራ ሐይቅ ላይ ተመሠረተ፤ አዮዲን የመጨመሩ ሥራም ተዳከመ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገደደ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እንዲህ ያለ ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2011 ከነበሩበት 15 በመቶ በ2016 ወደ 89 በመቶ ከፍ ብለዋል።

አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ይባክናል። ስለዚህ ጨው በተከደነ ዕቃ መቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር አለበት። ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃል። በጽንስ ወቅት የደረሰ ከባድ ጉዳት ከልደት በኋላ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ፣ ጥንቃቄው ከእርግዝና በፊት ሊጀመር ይገባል።