ዊንጌት፦ ከጎጃም እስከ በርማ ጫካ

ጄኔራል ኦርድ ዊንጌትን አብዛኞቻችን የምናውቀው በስሙ በተጠራው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ ጣሊያንን በጎጃም የወጋ እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። የአመራሩ ከባድ ፈተና ግን የበርማ ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 «ቺንዲት» የተባሉ 3,000 ያህል ወታደሮች ይዞ ከጃፓን ጦር ጀርባ ገባ። ስንቅ ከአውሮፕላን ይጣልላቸዋል፣ ጭነቱን በቅሎ ይሸከማል። የባቡር ሐዲድ ቆረጡ። እሱም እንደ ተራው ወታደር በእግሩ ተጓዘ፣ አብሯቸው ተራበ። መራመድ ያቃተው ቁስለኛ ግን እዚያው ይተው ነበር። ከ800 በላይ አልተመለሱም። ጀግንነቱን አልክድም፤ እኔ ግን መሪን የምመዝነው ጥሎት በሄደው ሰው ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አብረውት ከሞቱት አሜሪካውያን ጋር ዐፅሙ ያረፈው በአርሊንግተን ነው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ወገኖች ቅርብ ነው።