ከዛቢያው የወለቀ መጥረቢያ

ስሙኝማ። ከእንጅባራ ወጣ እንዳላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አስፋልት አጠገብ ዘንገና አለ። እሳተ ገሞራ የቆፈረው፣ ደን የከበበው ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ይባላል። ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ዳሩ ላይ የቆመ ሰው ከማዶ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። ጧ! ጧ! እንጨት ይፈለጣል።

ያ ድምፅ እኔን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ላይ ይጥለኛል። ሁለት ባልንጀሮች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ገቡ። አንዱ መጥረቢያውን አነሣ፤ ብረቱ ከዛቢያው ወለቀና ጓደኛውን ገደለው። ቂም የለ፣ ጠብ የለ። የሟች ወንድም ግን ይህን መቼ ሊሰማ? ደሙ ፈልቷል፣ ተነሥቶ ይከተላል። ሕጉ ታዲያ ምን አለ? መማጸኛ ከተማ ለዩ፣ መንገዱንም አዘጋጁ አለ። መንገዱን! እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው። የሚሸሸውን ሰው እግርና የሚያሳድደውን ሰው ልብ አስቦ ርቀት ለካ። ከተማው ከራቀ ደም መላሹ መንገድ ላይ ይደርስበታላ! ዘኍልቍ ከተሞቹን 6 ያደርጋቸዋል፤ ሰው ሸንጎ ፊት ሳይቆም እንዳይገደል። አድብቶ የገደለውን ግን የትኛውም ከተማ አያስጥለውም። እኛ ደግሞ የኦሪትን ፍርድ ስናነሣ «ዐይን ስለ ዐይን» ብለን እናልፋለን፤ ይህን ሁሉ ትተን።

ወደ እኛ አገር ሕግ ስንመጣ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል አሳል የሚባል የግብጽ ሊቅ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከቀኖናና ከሮማውያን ሕግ አሰባስቦ በዐረብኛ ያጠናቀረው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥታችን ሆነ። 51 አንቀጽ ነው፣ 22ቱ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ሥጋዊ። አገሩ ግን ልማዱን አልጣለም። የተፈረደበት ገዳይ ለሟች ዘመድ ይሰጥ ነበር፤ ዘመድ ወይ ደሙን ይመልሳል፣ ወይ የደም ዋጋ ይቀበላል። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፣ በ1949 የስዊሱ ዣን ግራቨን ያረቀቀው ተከተለ፣ ከ1997 ወዲህ ደግሞ አሁን የምንዳኝበት። በዚህኛው አንቀጽ 57 ጥፋት የሌለበትን ድንገተኛ አደጋ አይቀጣም፤ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት የገደለውን ይቀጣል። ያው የዱሩ ጥያቄ ነው፦ ሰውዬው ልቡ ውስጥ ምን ነበረ?

በእኛ አገር ግን የፍርድ ቤት ወረቀት ብቻውን ደም አያደርቅም። ገዳይ እስሩን ጨርሶ ይወጣል፣ የሟች ወንድም ደግሞ እየጠበቀው ነው። ያኔ ሽማግሌ ይነሣል፣ ቄሱ መስቀሉን ይዞ ይገባል፣ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፣ ካሳ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ኦሪት ዘኍልቍ 35 ይቆጣል፤ ለነፍሰ ገዳይ ሕይወት ቤዛ አትቀበሉ ይላል። ሽማግሌዎቻችን ኦሪትን ሻሩ? እኔ አልሻሩም እላለሁ። ካሳው የገዳዩን አንገት አይገዛም፤ ነገ ሊሞት ያለውን የሌላውን ልጅ ነው የሚያድነው። ነገር ግን ያው ካሳ ምስክር ዝም ሊያሰኝ፣ ክስ ሊያዘጋ የገባ ዕለት፣ ኦሪት የከለከለው ያንኑ ነው! ደግሞስ ብሩ ሲቆጠር የሟች ሚስት የት ተቀምጣለች? ማን ጠየቃት? ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ከማዶ ያለው ሰው አሁን መፍለጡን አቆመ። መጥረቢያውን ዘቀዘቀና ዛቢያውን ድንጋይ ላይ መታ መታ አደረገው። ሽብልቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ብረቱን ያዝ አድርጎ ነቀነቀ። ቀና ብሎ ፊት ለፊቱ ቅርንጫፍ የሚሰበስበውን ልጅ «ራቅ በል አንተ!» አለው። ልጁ ራቀ። ጧ!