በላስታ ስለ ታየው የፀሐይ ግርዶሽ

በ2012 ዓመተ ምሕረት ሰኔ 14 ቀን፥ እሑድ ጥዋት፥ በላስታ ላሊበላ ፀሐይ በጨረቃ ተጋረደች። ስፍራው ለተመልካች የተመቸ ነበረና ብዙ እንግዳ ይጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የባሕር ማዶው መንገድ ጠበበ። ማደሪያ ማሰናዳትስ ለላስታ ሰው አዲስ አይደለም፤ በየዓመቱ ለልደት የሚጎርፈውን ተሳላሚ ሲቀበል ኖሯል። አዲሱ ነገር ዐይንን መጠበቅ ነበረ። ጨረቃ ያን ዕለት ርቃ፥ አንሳም ስለ ታየች ፀሐይን ፈጽማ አልከደነቻትም፤ ዳርቻዋ እንደ ቀለበት በራ፤ ስለዚህ ያለ መከላከያ መነጽር ሊመለከቷት የሚገባ አንዲት ቅጽበት እንኳ አልነበረችም። የዐይን ውስጠኛው ክፍል ሲቃጠልም ሕመም አይሰማም። ይህን ለእረኛ ልጅ ማስረዳት ለእንግዳ አልጋ ከማንጠፍ ይከብዳል፤ እንግዳው መነጽሩን ይዞ ይመጣል፥ ልጁ ግን ባዶ ዐይኑን ወደ ሰማይ ያቀናል።